ማራቅ ማስወገድ አይደለም

በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ከቤታችን የሚወጣውን ፌስታል አስተውላችሁታል? የተረፈው ሳምቡሳ፣ የፍራፍሬው ልጣጭ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱና ያለቀው ባትሪ አንድ ላይ ታስረው ይወጣሉ። ደጅ ካስቀመጥነው በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ግን አላለቀም።

በድሃ አገሮች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የአትክልት ትርፍራፊ ነው። ከጠቅላላው ቆሻሻም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሜዳ ላይ ይጣላል ወይም ይቃጠላል። ትርፍራፊው በክምር ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ለእሳት የሚዳርግ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል። የዝናብ ውሃም ከባትሪውና ከቀለሙ መርዝ አጥቦ፣ ከሥር መከላከያ ንጣፍ ከሌለ ወደ ጉድጓድና ወንዝ ይገባል። ውሃ የጠጣ ክምር ደግሞ ይከብዳል፤ ሲከብድም ሊናድ ይችላል።

የክምር መናድ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካምፓላ የኪቴዚ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከቆሼ አደጋ በፊት የሆነውን ግን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ወደ ሰንዳፋ መውሰድ ጀምራ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች «ውሃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ» ብለው ተቃወሙ። ማስወገጃው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከራስ ደጅ አንስቶ የሌላው ደጅ ላይ መጣል መፍትሔ እንደማይሆን ከዚህ በላይ ምን ያስተምረናል? በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ግን በደንብ አይነድም፤ ማሽን ብቻውን አያድነንም።

መነሻው ከቤት መለየት ነው። እርጥቡ ለማዳበሪያ፣ ጠርሙሱና ብረቱ ለቁራሌው ይሆናል። ቤተሰብ ለይቶ ያወጣውን መኪናው መልሶ ከቀላቀለው ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለይቶ ማንሳት፣ ማስወገጃውን በንጣፍ መሥራትና ሰዎች ከክምሩ ሥር እንዳይኖሩ ማድረግ የከተማ አስተዳደሮች አማና ነው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ከማዕዳችን ይጀምራል። የምግብ ብክነት ኢስራፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤትን ማስቸገር ሐራም መሆኑንም እንዲሁ። በክምሩ ሥር ልጆቿን የምታሳድገው እናት ጎረቤታችን ናት። ዛሬ ማታ የምንጨርሰውን ያህል ብቻ እንቅዳ፤ ደጅ የምናወጣውንም በሁለት ፌስታል እንለየው።