ሥዕልን የሚጠብቀው መስታወት ብቻ አይደለም

ቤተ መዘክር የሕዝብ መታሰቢያ ግምጃ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ አቤቱታቸውን ለዓለም ለማሰማት የሚሹ ሰዎች በታላላቅ ሥዕሎች ላይ እጃቸውን ሲያነሡ ታይቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለት ወጣት ሴቶች በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት «የሱፍ አበቦች» በተባለው የቫን ጎህ ሥዕል ላይ የቲማቲም ሾርባ ደፉ። ሥዕሉ በመስታወት የተሸፈነ ስለ ነበረ ዳነ፤ ጥንታዊው ክፈፉ ግን ተጎዳ። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. አንደኛዋ 2 ዓመት፣ ሁለተኛዋ 20 ወር እሥራት ተፈረደባቸው። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሰዎች እዚያው ገብተው ሾርባውን ደገሙት። እንግዲህ ቅጣት ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አጥር ሊሆን እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

ይህ የሩቅ አገር ጣጣ ነው፣ እኛን አይነካንም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ በተነሣው ቁጣ በሐረር የልዑል ራስ መኰንን ሐውልት ወደቀ። በሎንዶን ዊምብልደን መናፈሻም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ፤ ይህም ንጉሠ ነገሥቱን በስደታቸው ዘመን ያስተናገደች እንግሊዛዊት የቀረጸችው ነበረ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበረ፤ የወደቀው ሐውልት ግን ለሐዘኑ መልስ አላመጣም። በታሪክ ለመከራከርም ቢሆን ምስክሩ በስፍራው መገኘት አለበት።

መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ወር በገባ በ5 ቀን መካኒሳ አቦን ለመሳለም የሚሄደውን ምእመን እናስብ። በአብያተ ክርስቲያናችን ልማድ ሥዕል በመጋረጃ ይጋረዳል፤ ንዋያተ ቅድሳትም በዕቃ ቤት በኃላፊ ይጠበቃሉ። ሕዝቡ ግን ሥዕሉን የሚያከብረው መጋረጃውን ፈርቶ ሳይሆን «የኔ ነው» ብሎ ነው። ጥበቃ ማለት መጋረጃውም፣ ይህ ስሜትም ነው።

ለቤተ መዘክሮቻችንም ሁለቱ ያስፈልጓቸዋል። ሕጉ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መመዝገብንም፣ የሚያጠፋውን መቅጣትንም ደንግጓል። ከዚህ በተረፈ እያንዳንዱ ሥዕል መጠኑና ይዞታው ተጽፎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢቀመጥ፣ ጉዳት ቢደርስ ለጠጋኙ መሪ ይሆነዋል። ውድ የሆኑትን በመስታወት መሸፈን፣ ቦርሳን በበር ላይ ማስቀመጥ፣ ዘበኛውንም ስለሚጠብቀው ነገር ማስተማር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ሆኖም ጥንቃቄው በሩን እስከ መዝጋት መድረስ የለበትም። የሎንዶኑ ሥዕል ቤት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከሕፃን ወተትና ከታዘዘ መድኃኒት በቀር ፈሳሽ ነገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ የጥቂቶች ድርጊት የሚሊዮኖችን ጉብኝት አጠበበ ማለት ነው። ተማሪው ሥዕሉን ሳያየው ቢያድግ ነገ ሊጠብቀው አይነሣም። አቤቱታ ያለውም ሰው የሚሰማበት ሸንጎ ካጣ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ማዞሩ አይቀርም።

ስለዚህ ነገ በዚህ ኃላፊነት ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች፣ ቁልፉን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ነገር ግን በሩን ለሕዝቡ ክፍት አድርጉት እንላለን።