ቁስልና መዝገብ

ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ፥ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታችሁ፥ ደሴ የገባችሁበት ጉዳይ የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ የሆነበት ቀን አይጠፋም። ብርቱካኑን በዘንቢል አንጠልጥላችሁ፥ በሆስፒታሉ በር ላይ የጥየቃ ሰዓት እስኪደርስ ቆማችሁ፥ ከአልጋው ራስጌ ስትደርሱ የምታቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነ?» የሚመለስላችሁም መልስ አንድ ነው፤ «ተመስገን፥ በሰላም ወጣ።»

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ዝናሙ፥ ወደ እህሉ ዋጋና ወደ ልጆቹ ትምህርት ይዞራል። የሐኪሙ ምላጭ ሥራውን ፈጽሟልና ጉዳዩ አለቀ ብለን ሁላችንም እናምናለን። የዛሬው ጨዋታችን ይህ እምነት ስሕተት ስለ መሆኑ ነው።

ነገሩን በግምት ሳይሆን በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ የ25 የአፍሪካ አገሮች 247 ሆስፒታሎች ተባብረው፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትለው የደረሰባቸውን ሁሉ ጻፉ። የሕመምተኞቹ ቁጥር 11,422 ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ፥ ከመቶው 18 ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልዩ ልዩ ችግር ደርሶባቸዋል፤ ከመቶው 2 ያህሉ ሞተዋል። ይህ የሞት መጠን ከዓለም አማካይ እጥፍ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እነዚህ ሕመምተኞች ከሌላው ዓለም ሕመምተኞች ይልቅ በዕድሜ ወጣቶች፥ በሰውነትም ጤነኞች መሆናቸው ነው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት በኦፕራሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በደኅና ወጥተው አልጋቸው ላይ ከተኙ በኋላ ነው። ከችግሮቹም ሁሉ የበዛው በተሐዋስያን የሚመጣ ማመርቀዝ ነበር።

እንግዲህ ከኮምቦልቻ የተነሣ መንገደኛ ሐረጎ ላይ ሲደርስ «ደሴ ገባሁ» እንደማይል ሁሉ፥ ከኦፕራሲዮን ክፍል የወጣ ሕመምተኛም ገና መንገድ ይቀረዋል። ያን የቀረውን መንገድ የሚያሳጥረው ምንድን ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በጥንቃቄ መቁጠር፥ መጻፍና መጠየቅ ነው። ይህም ሥራ በአንድ ቃል ምርምር ይባላል።

አንዳንድ ሰው «በሆስፒታል ምርምር ይደረጋል» ሲባል ይደነግጣል፤ ያልታወቀ መድኃኒት የሚሞከርበት ይመስለዋል። እርግጥ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይመረመር፥ ሕመምተኛውም ምንነቱን ተረድቶ ፈቃዱን ሳይሰጥ እንዲደረግ ሕጉ አይፈቅድም። ሕመምተኛው «አልፈልግም» ቢልም ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። ይህን ጠይቆ መረዳት መብት ነው። ነገር ግን የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈው ምርምር የመድኃኒት ሙከራ ሳይሆን የመዝገብ ሥራ መሆኑን ልብ በሉ።

የታወቀውን የቪየናን ታሪክ እናንሣ። በቪየናው ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1846 በአንደኛው ክፍል ከመቶ ወላዶች ከ10 በላይ ሲሞቱ፥ በሁለተኛው 3 እንኳ አልሞላም። በአንደኛው የሚሠሩት የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው የሚሠሩት አዋላጆች ነበሩ። ሐኪሙ ኢግናዝ ሴመልቫይስ ሁለቱን መዝገቦች አስተያይቶ፥ ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ወላዶች እንደሚሄዱ ተገነዘበ። እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚከተለው ዓመት የሁለቱ ክፍሎች ሞት እኩል ለእኩል ሆነ፤ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ። ተሐዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና በቅጡ ባልታወቀበት ዘመን፥ እናቶችን ያዳነው የሁለት መዝገቦች መስተያየት ነበር።

አሁን ወደ ደሴ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በዚያን ጊዜ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይባል በነበረው ሐኪም ቤት በሚሠሩ 118 የጤና ሠራተኞች ላይ ተደርጎ ነበር። የተጠየቁት ነገር ቀላል ነው፤ ከአፍንጫቸው በጥጥ ናሙና እንዲወሰድ ፈቀዱ። በላቦራቶሪ ሲመረመር በ34ቱ አፍንጫ ውስጥ ስታፊሎኮከስ አውሬስ የተባለው ተሐዋስ ተገኘ። ይህ ተሐዋስ በጤነኛ ሰው አፍንጫ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ ቁስል ሲያገኝ ግን ያመረቅዛል። ከ34ቱ መካከል የ15ቱ ደግሞ ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ዓይነት ሆነ። ይህም ማለት ከ8 ሠራተኞች አንዱ ያህል፥ በተለመደው መድኃኒት የማይበገር ጠላት ሳያውቀው በአፍንጫው ተሸክሞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

ሠራተኛው አያተኩሰውም፥ አያስለውም፤ እንደ ወትሮው ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን እጁ ሳያስበው ወደ አፍንጫው ሄዶ፥ ሳይታጠብም የሕመምተኛውን ፋሻ ቢፈታ፥ ጠላቱን ከቤቱ ወደ ቁስሉ አዛወረው ማለት ነው። ይህን አንብቦ «የደሴ ሆስፒታል እንዲህ ኖሯል!» የሚል አንባቢ ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። ይህ ተሐዋስ በዓለም ሁሉ ሆስፒታሎች ይገኛል፤ ልዩነቱ ፈልጎ ባገኘውና ባልፈለገው መካከል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? ለሰው የተባለው ተረት ለሆስፒታልም ይሠራል። እነዚያ 118 ሠራተኞች አፍንጫቸውን ለምርመራ መስጠታቸው ሊመሰገኑበት የሚገባ ነው።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል? እዚህም ላይ ምርምር መንገዱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ወደ 2,800 የሚሆኑ ሕመምተኞችን መዝገብ መርምሮ፥ ማመርቀዝን የሚከላከለው መርፌ የተሰጠበትን ሰዓት አስተያየ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አልሞላም የቁስሉ ያመረቀዘበት፤ ዘግይቶ ከተሰጣቸው ግን ከመቶ 3 በላይ ሆነ። የሰዓት ጉዳይ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ አመጣ! ሰዓቱን የጻፈ ጸሐፊ ባይኖር ኖሮ ይህ እውቀት ከየት ይገኝ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ዝርዝር አወጣ። ማደንዘዣ ሳይሰጥ፥ ቆዳው ሳይቀደድ፥ ሕመምተኛውም ከክፍሉ ሳይወጣ፥ ሦስት ጊዜ ቆም ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ነው። ሕመምተኛው እርሱ ራሱ ነውን? የሚቀደደው ቦታ ይህ ነውን? መርፌው ተሰጥቷልን? ጎዙ ተቆጥሮ ሞልቷልን? ዝርዝሩ ለንደንንና የታንዛኒያዋን ኢፋካራን ጨምሮ በ8 ከተሞች ተሞክሮ፥ የሞት መጠኑ ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ።

በአገራችንም ላይፍቦክስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በጅማ የጀመረው «ክሊን ከት» የተሰኘ ሥራ አለ። በስድስት ነገሮች ላይ ያተኩራል፤ እጅንና ቆዳን በመድኃኒት ማጽዳት፥ የጋውኑና የመሸፈኛው ጨርቅ አለመቀደድ፥ የመሣሪያዎቹ በትክክል መቀቀል፥ የመርፌው በሰዓቱ መሰጠት፥ የጎዝ ቆጠራና ያው የመቆጣጠሪያ ዝርዝር። በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች 2,213 ሕመምተኞች ተመዝግበው፥ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት የቁስል ማመርቀዝ በሲሶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ይህ የሆነው በእኛው ነርሶች፥ በእኛው ሐኪሞች እጅ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር አልሸሽጋችሁም። መልካም የመሰለ አሳብ ሁሉ አይሠራም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2021 በ28 የአፍሪካ አገሮች፥ በ332 ሆስፒታሎች የተደረገ ሌላ ሙከራ ውጤቱ ታተመ። የሚያሰጉት ሕመምተኞች ተለይተው፥ ነርስ ደጋግማ እንድታያቸው፥ አልጋቸው ከነርሷ ዓይን እንዳይርቅ፥ አስታማሚም አጠገባቸው እንዲቆይ ነበር የታሰበው። ይህን የሚቃወም ማን ነው? ሆኖም ሞቱ አልቀነሰም። እኔ እንደሚመስለኝ፥ አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ በምትጠብቅበት ክፍል «ደጋግመሽ እዪ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን እጅ አይጨምርላትም። ይህንንም ማወቅ ትርፍ ነው፤ የማይሠራውን ያወቀ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን ወደሚሠራው ያዞራልና።

አሁን የወሎ የራሱ ጉዳይ ይመጣል። የቀዶ ሕክምና ቁስል አመረቀዘ ወይም ዳነ የሚባለው በተለመደው ደንብ እስከ 30 ቀን ተጠብቆ ነው። እንግዲህ አንድ ገበሬ ከደላንታ፥ ወይም አንዲት ወላድ ከለጋምቦ መጥታ በደሴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት እንበል። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አገሯ ትመለሳለች። በመዝገቡ ላይ «በደኅና ወጣች» ተብሎ ይጻፋል። በዐሥረኛው ቀን ቁስሉ ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ መግል ቢይዝ ማን ያያል? መንገዱ ሩቅ ነው፤ የመኪናው ዋጋ ከባድ ነው፤ «ይሻለኛል» ብላ ትቆያለች። እርሷ በቤቷ በትኩሳት ስትቃጠል፥ መዝገቡ ግን ድናለች ይላል። ከመዝገቡ ላይ የሚነሣው ሒሳብም፥ ከሒሳቡ የሚወጣው እቅድም አብሮ ይሳሳታል።

ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ ከሆነ፥ ልጠይቃችሁ። በካርድ ክፍል ተቀምጣችሁ ስም የምትጽፉ የመንግሥት ሠራተኞች፥ የሕመምተኛውን ቀበሌና የስልክ ቁጥር አሟልታችሁ ትጽፋላችሁ? ወይስ ሰልፉ ስለ በዛ ባዶ ትተዉታላችሁ? ያ ባዶ መስመር በዐሥረኛው ቀን ሊደወልላት የነበረችው ሴት ናት። በደሴ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የምትማሩ፥ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መዝገብ ስታገላብጡ ያልተሞላ ገጽ ስታገኙ ተናድዳችሁ ይሆናል፤ ነገ እናንተ ራሳችሁ የምትሞሉት ያንኑ ገጽ መሆኑን አትርሱ። በኮምቦልቻ በቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት የምትማሩም «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። መሣሪያ የሚቀቀልበት የእንፋሎት ማሽን ሙቀቱ ቢጎድል፥ ሐኪሙ በንጹሕ እጁ ቆሻሻ መሣሪያ ይይዛል። ያንን ማሽን የሚጠግን የእናንተ ዓይነት ሰው ነው።

አስታማሚዎችም ድርሻ አለን። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ «የምመለሰው መቼ ነው? ምን ምልክት ሳይ ልምጣ? በማን ስልክ ልደውል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ቁስሉን ሳይታጠቡ አለመንካት፥ ሐኪም ያላዘዘውን ቅጠል ወይም ቅባት አለማድረግ፥ የታዘዘውንም መድኃኒት ሳይጨርሱ አለመተው የእኛ ሥራ ነው። መድኃኒትን በልማድ እየገዙ መዋጥና ሳይጨርሱ መተው መድኃኒት የሚቋቋመውን ተሐዋስ ያበዛዋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ዕቃና መድኃኒት ተዘርፎ፥ ሕመምተኛው የሚደርስለት አጥቶ እንደ ነበር አይረሳም። ከዚያ በኋላ አልጋው እንደ ገና ተዘርግቷል፤ ሥራው እንደ ገና ተጀምሯል። የተዘረፈ ዕቃ በገንዘብ ይተካል። ሳይጻፍ የቀረ እውቀት ግን በምንም አይገዛም፤ ያዩት ሰዎች ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል።

እንግዲህ በሚመጣው ጊዜ ብርቱካናችሁን ይዛችሁ ከአልጋው ራስጌ ስትቆሙ «ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ አትተዉት። «ዛሬ ስንተኛ ቀንህ ነው? ቁስሉስ እንዴት አደረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ በዐሥረኛው ቀን ደውሉ፤ በሠላሳኛውም ድገሙ። ያላማረ ነገር ብትሰሙ ወደ ሆስፒታሉ እንዲመለስ ገፋፉት፤ መዝገቡም እውነቱን ይጻፍ።