ቤት ስንቀይር ድመቷን ማን ያስባታል?

ቤት ስንለቅ ስለ ፍሪጁና ስለ አልጋው እንመካከራለን። ስለ ድመቷ ግን የሚጠይቅ የለም። እኛም አልጠየቅንም ነበር።

እናቴ ክፋር ግቢሮል ስትኖር ከደረጃው ሥር የምታድር አንዲት የመንገድ ድመት ነበረች። መጀመሪያ የተረፈ ምግብ ትሰጣት ነበር። ቆይቶ ድመቷ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣች በር ላይ ትጮህ ጀመር፤ አንድ ክረምት ገባች፣ በዚያው ቀረች። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ጠዋት ተነሥታ የምታናግረው እሷን ነበር። ቤቱን ስንለቅ እኛ ልጆቿ «የመንገድ ድመት ናት፣ ራሷን ትችላለች» ብለን ትተናት ሄድን። እናቴ ምንም አላለችም። ከሳምንት በኋላ ግን ያንን የታመመ ጉልበቷን ይዛ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ስታበላት ደረስንባት። እኔ ነርሷ የሰውን ብቸኝነት ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጠይቅ የእናቴን አላየሁም።

አገር ቤት ድመት የምትፈለገው አይጥ እንድትይዝ ነበር። እዚህ ግን አብልተን ቤት ካስገባናት ኃላፊነቷ የእኛ ነው። በ1994 የወጣው የእስራኤል የእንስሳት ጥበቃ ሕግም ሰው በእጁ ያለውን እንስሳ ጥሎ መሄድን ይከለክላል። በሬሆቮት አሮጌ ሕንፃዎች እየፈረሱ አዲስ በሚሠራበት በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ስለሚጭን አስቀድማችሁ እነዚህን አስቡ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ለባለቤቱ ድመት እንዳለቻችሁ ንገሩት፤ ከፈቀደ ውሉ ላይ ይጻፍ። የቃል ፈቃድ ክርክር ሲመጣ አይረዳችሁም። «ለድመቷ» ብሎ ተጨማሪ መያዣ ቢጠይቃችሁ፣ በተለመደው የዓመት የቤት ኪራይ ውል በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚሰጠው መያዣ በሙሉ ከ3 ወር ኪራይ መብለጥ እንደሌለበት እወቁ።

ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወጋ፣ ቺፕ ይደረግላት፣ ትምከን። ሴት ድመት ገና በ4 እና በ5 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 2 ወር ገደማ ብቻ ነው። ዋጋው ከሐኪም ሐኪም ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ የዒርያውንም የእንስሳት ሕክምና ክፍል በ106 ደውላችሁ ጠይቁ።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት፤ በመጨረሻ በመያዣ ሳጥን ውሰዷት። አዲሱ ቤት ስትገባም ለጥቂት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ከምግቧ፣ ከአሸዋዋና ከአሮጌ ብርድ ልብሷ ጋር ትቆይ። ወደ ውጭ ቶሎ ከለቀቃችኋት አሮጌውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች፤ ቢያንስ 3 ሳምንት አታስወጧት። ፎቁ ከፍ ካለ መስኮቱ ወንፊት ያስፈልገዋል።

እንደ ነርስ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድመቷ መባረር የለባትም፤ አሸዋውን ግን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳው። ያው በሽታ በደንብ ካልበሰለ ሥጋና ካልታጠበ አትክልትም ይመጣልና።

ድመቷን መውሰድ የማይቻል ከሆነ የመኪናው ቀን ሳይደርስ የሚረከባት ሰው ፈልጉ። እኛ ተመልሰን አመጣናት። እናቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁን ቤቱ ቤት ሆነ» አለች። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ከማዛወራችሁ በፊት ምን ትተው እንደሚሄዱ ጠይቋቸው።