ጉበትና የሰው ፍርድ

ሆዱ ያበጠ፤ ዓይኑም ቢጫ የሆነ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ያየው ሁሉ «መጠጥ ነው የጨረሰው» ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምርበታል።

ሲሮሲስ ማለት ጉበት ለብዙ ዘመን ከመቁሰሉ የተነሣ ጠባሳ ሆኖ መጠጠሩ ነው። መጠጥ አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በአገራችን ዋናውን ስፍራ ከያዙት መካከል ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ይገኛል። ይህም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፤ ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ በጎልማሳነቱ በዚህ ደዌ ይወድቃል።

ደም በጠጠረው ጉበት ማለፍ ሲያቅተው ውሃ በሆድ ይቋጠራል፤ በጉሮሮ ቧንቧ ያሉት የደም ሥሮችም አብጠው ሲፈነዱ ደም ያስመልሳሉ። ጉበት ያላጣራው መርዝ ወደ አንጎል ሲደርስ ደግሞ በሽተኛው ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ይነቃል፤ የልጁን ስም ይስታል። ቤተሰቡ «መንፈስ ነው» እያለ ሲጨነቅ፤ ሆድን በሚያለሰልስ መድኃኒት ሊመለስ ይችል የነበረው አእምሮ ጊዜው ያልፍበታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ጤና ጉባዔ የተሰበሰቡ አገሮች የቫይረስ ሄፓታይተስ እስከ 2030 ድረስ የሕዝብ ጤና ጠንቅ መሆኑ እንዲያበቃ ተስማምተዋል። አገራችን ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለድነው፤ ለእኔም ጭምር፤ የቀረልን መንገድ የደም ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ሊገታ ይችላልና። ይሁን እንጂ «ጠጪ» መባልን የሚፈራ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሆዱ ካበጠ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምርመራውን ማስፋፋት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ምላስን መሰብሰብ ግን የሁላችን።