ስለ ተሳቢ ክብደትና ስለ ነጂው ፈቃድ

በጉለሌ የሚኖሩ አንድ አባት ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ በእንግሊዝ አገር ሲኖር፥ በተራ የቤት መኪና ፈቃዱ ተሳቢ መጎተት ተፈቅዶልኛል ብሎ ጻፈላቸው። ታናሹ በአዲስ አበባ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ግን ከፈቃዱ ደረጃ በላይ የሆነ ተሳቢ ቀጥሎ ወደ ጎጃም እንዲመላለስ ያስገድደዋል። «በዚያ አገር የተፈቀደው በእኛ ዘንድ ስለ ምን ይከለከላል?» ሲሉ አባት ጠየቁን። ነገሩ ብዙ ቤተ ሰብ የሚነካ ስለ ሆነ መልሱን እዚህ እንጽፋለን።

የየአገሩ ሕግ ቍጥሩ ቢለያይም ምክንያቱ አንድ ነው። መኪና ከባድ ነገር ለመጎተት ኃይል ቢኖረው፥ ያንኑ ለማቆም ኃይል አለው ማለት አይደለም። ተሳቢ በዳገት ወደ ኋላ ይስባል፤ በቁልቁለት ግን ከኋላ ይገፋል። ፍሬንም እጅግ ሲግል መያዙን ይተዋል።

ስለዚህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተራ መኪና ፈቃድ ያለው ሰው፥ ከነጭነቱ እስከ 750 ኪሎ፥ ይኸውም እስከ ሰባት ኩንታል ተኩል የሚመዝን ተሳቢ ሊጎትት ይችላል። ተሳቢው ከዚህ ከከበደ መኪናውና ተሳቢው በአንድነት ከ3500 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም፤ ካለፉ የተለየ ሥልጠና ወይም ፈተና ይጠየቃል። ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢም የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ደቡብ አፍሪካም ለተራ መኪና ፈቃድ ይህንኑ 750 ኪሎ ወሰን አድርጋለች።

በእንግሊዝ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1997 ወዲህ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ለከባድ ተሳቢ ሌላ ፈተና ያስፈልጋቸው ነበር። በ2021 መጨረሻ ግን ይህ ቀርቶ እስከ 3500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ተፈቀደ። ታላቁ ልጅ የጻፈው እንግዲህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለመኪናው ከወሰነው ክብደት በላይ መጎተት ለእርሱም ክልክል ነው። ደግሞም የእርሱ ተሳቢ ቢበዛ 35 ኩንታል ነው፤ ታናሹ የሚታዘዘው ከመቶ ኩንታል በላይ የሚጫንበትን ነው። በአገራችንም ተሳቢ ላለው የጭነት መኪና ከፍ ያለ የፈቃድ ደረጃ የተወሰነው ስለዚሁ ነው።

ከሱሉልታ በእንጦጦ ትከሻ አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የጉለሌ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሠለጠነ ነጂ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ ይለውጣል፤ የተሳቢውንም ፍሬንና የአየር ቱቦ አስቀድሞ ይመረምራል። ያልሠለጠነው ፍሬኑን ብቻ አምኖ ይወርዳል፤ ከታችም ገበያተኛና ተማሪ መንገድ ያቋርጣል።

ልጁ እምቢ ቢል እንጀራው እንደሚያሰጋው እናውቃለን። ስለዚህ ብቻውን አይተዉት፤ አባት ከልጁ ጋራ ሄደው ባለቤቱን በሽምግልና ያነጋግሩ፤ ልጁም ሠልጥኖ ተገቢውን ፈቃድ እስኪያወጣ ድረስ ያለ ተሳቢ እንዲሠራ ይለምኑ። ይህ ባይሆን ሌላ ሥራ መፈለግ ይሻላል። የጠፋ ሥራ ይገኛል፤ የጠፋ ሰው ግን አይመለስም።

እናቶችም ልጆቻቸውን፥ በቆመ መኪናና በተሳቢው መካከል እንዳያልፉ፥ በሚሄድ ተሳቢም ላይ እንዳይንጠለጠሉ ዘወትር እንዲመክሩ አደራ እንላለን።