«ሞተሯ የጃፓን ናት» ሲሉን

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የማትቀር አንዲት አባባል አለች፤ «ሞተሯ ኦሪጅናል የጃፓን ናት»። ደላላው ይላታል፣ ሻጩ ይደግማታል፣ መካኒኩም ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ራሱን ይነቀንቃል። ወዲያው ዋጋው ከፍ ይላል። ማስረጃ የሚጠይቅ ግን የለም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ። አንድ ሞተር የትኛው ፋብሪካ እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

ብዙዎቻችን መልሱን የምንፈልገው ከሻንሲ ቁጥሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ለራሷ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው። ለሌላው ዓለም የተሠሩት ግን 17 ፊደላትና አኃዞች የያዘ ቁጥር አላቸው። በጄ ከጀመረ ጃፓን፣ በቪኤንኬ ከጀመረ የቶዮታ ፈረንሳይ ፋብሪካ፣ በኤስቢ1 ከጀመረ ቶዮታ እንግሊዝ፣ በኤምኤ3 ከጀመረ ደግሞ የሕንዱ ሱዙኪ ነው። ችግሩ፣ ይህ ቁጥር የሚነግረን መኪናዋ የት እንደተገጣጠመች እንጂ ሞተሯ የት እንደተሠራ አይደለም።

ያሪስን እንውሰድ። የአውሮፓዋ ያሪስ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳይ፣ ቫለንሲየን አጠገብ ስትገጣጠም ኖራለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ደግሞ 1KR የሚባል ባለ 1 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር አላት። ይህን ሞተር የነደፈው ዳይሃትሱ ሲሆን፣ ቶዮታ በዚያው ዓመት ፖላንድ ውስጥ ማምረት ጀመረ። ስለዚህ «የጃፓን» የምንላት መኪና አካሏ ፈረንሳይ፣ ልቧ ፖላንድ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ ቶዮታ መኪናውን በርናስተን ይገጣጥማል፣ የሞተር ፋብሪካው ግን ዌልስ፣ ዲሳይድ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ይገለበጣል። የፈረንሳይ ሻንሲ ያላት ባለ 1 ሊትር ያሪስ ሞተሯ እውነትም ከጃፓን የመጣ ከሆነ፣ ከፋብሪካ አብሯት የወጣው ሞተር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሻጩ የሚኩራራበት ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ልንጠረጥርበት የሚገባ ምልክት ነው!

የሞተሩን ትውልድ ለማወቅ የሞተሩን የራሱን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ቶዮታ ላይ ብሎኩ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ መጀመሪያ የሞተሩ ዓይነት፣ ቀጥሎ ተራ ቁጥሩ። ዓይነቱ ብቻውን ፋብሪካውን አይናገርም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ የአምራቹን መዝገብ ማስፈተሽ ይጠይቃል። ፋብሪካውን በፊደል የሚመቱ አምራቾችም አሉ። የ1960ዎቹን ሼቭሮሌ የሚሰበስቡ አሜሪካውያን ብሎኩ ላይ ቲን ሲያዩ «ቶናዋንዳ ነው» ይላሉ። ለእነሱ ጨዋታ ነው። ለእኛ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የምንሻሻጠው እዚሁ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ነው። እቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ታክሲ ሠርቼ እከፍላለሁ ብሎ መኪና የሚገዛው ደግሞ የእኛው እኩያ ነው። መኪና ባረጀ ቁጥር ሞተር ይቀየራል፤ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ሞተር ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ሙቀት ይምታው አይምታው የሚያውቅ የለም። የተወለደበት አገር ይህን ሁሉ አይነግረንም። ፖላንድ ተሠርቶ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ሞተር፣ ጃፓን ተሠርቶ ውኃ አልቆበት ከተነዳው ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ስለዚህ ገዢዎች ሆይ፣ ባትሪ አብርታችሁ የብሎኩን ቁጥር በዓይናችሁ አንብቡ። ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ከመሰለ ዋጋ ለመከራከር አትቁሙ፣ ሂዱ። ባለ 17ቱ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በፍጹም አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ተትተዋል። ሊብሬያችሁ ላይ ካያችኋቸው አንድ ስህተት አለ።

የመንገድና ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ስም ሲዛወር፣ መኪናዋ ሞተር ቀይራ ከሆነ መቼና ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው እንደቀየረች ለገዢው በጽሑፍ ይሰጠው። ግርግር ለሌባ ይመቻል፤ መረጃ ሲደበቅም እንዲሁ ነው። እስከዚያው ግን «የጃፓን ናት» ለሚለን ሁሉ መልሳችን አንድ ይሁን፤ ቁጥሩን አሳየን።