የጢያ ድንጋይ፣ የአስናቀች ክራር፣ የሐዲስ መጽሐፍ

በዚህ ዓምድ የሄድንበትን አገር፣ የሰማነውን ዘፈን፣ ያየነውን ፊልምና ያነበብነውን መጽሐፍ እናወጋችኋለን። ሰሞኑን ደግሞ ወሬያችን በዛ ብሏል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ይረዝማል። በአንድ ቀን ካላለቀላችሁ በሁለት ቀን አንብቡት፤ አይበላሽም።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ እናውራ። የገላን ኮንዶሚኒየም የማታ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሚኒባስ ተከራዩ። እኛም አብረን ተሳፈርን። ጉዞው ወደ ጢያ ነበር። ጢያ በሶዶ ጉራጌ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ከቃሊቲ ተነሥተን፣ ቀለበት መንገዱን ይዘን፣ በጀሞ በኩል ወደ ዓለም ገና አመራን። ሰው ለሽርሽር ሲሄድ ይዘፍናል፣ ያወራል። የእኛ ሰዎች ግን ዝም ብለው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ለካ እያነበቡ ኖሯል! አንዱ «ጎ-ሚ-ስ-ታ» አለ። ሌላው «ሥጋ ቤት» አለ። «ዘመናዊ ፀጉር ቤት» ያለችውን ደግሞ ሁሉም አጨበጨበላት። ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን ራሱም ገባበትና፣ ረጅም ጽሑፍ ያለበት ማስታወቂያ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንስላቸው ጀመር።

ዓለም ገናን እንዳለፍን ንባቡ ቀዝቀዝ አለ። በቁቤ ብቻ የተጻፉ ሰሌዳዎች በዙ። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሁሉም «አባባ» ነው የሚላቸው። የእናታቸው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። አባባ ሰሌዳውን አዩና «ቋንቋው የእናቴ ነው፤ ፊደሉን ግን አላውቀውም» አሉ።

ይህ ነገር እንዴት እንደመጣ ለማያውቅ እንንገረው። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። የሁሉም ጽሑፍ ግን በዚሁ እናንተ በምታነቡት ፊደል ነበር። አባባም ያን ጊዜ ከዘማቾች የተማሩት ኦሮምኛን በዚህ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። አባባ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀመጡ። የሚያነቡት ነገር አልነበራቸውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፊደሉም እየጠፋባቸው ሄደ። ያልታረሰ መሬት ዳዋ እንደሚወርሰው ማለት ነው። አሁን በማታው ክፍል እንደገና ጀምረዋል። ቁቤውን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ እቤት ታስጠናቸዋለች። «ትቆጣለች» ይላሉ። «አስተማሪነቱ ላይ ጠንካራ ናት፤ እኔ እንኳ ልጆቼን እንዲያ አልተቆጣሁም።»

መልካ ቁንጥሬን ሳንወርድ አለፍነው። የጥንት ሰዎች የሠሩባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሌላ ቀን እንመለስበታለን፤ ያን ዕለት ሆዳችን ጢያን ብሎ ነበር።

ጢያ ደረስን። ሜዳ ላይ ድንጋዮች ቆመዋል። የቆመው ትክል ድንጋይ 36 ነው። ከእነዚህ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የሰይፍ ቅርጽ አለ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሰይፍ ተደርድሯል። ክብ ክብ ነገርም አለ። ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ምልክትም አለ። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኝቷል። ስለዚህ የመቃብር ሐውልቶች ናቸው። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲል ይጠራቸዋል። ነገር ግን ድንጋዮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተተከሉ ናቸው ይባላል። ግራኝ አሕመድ የተዋጋው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ድንጋዮቹ ከእሱ በፊት ነበሩ ማለት ነው።

እኛ እትዬ የምንላቸው አንዲት ጎረቤታችን ወደ አስጎብኚው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

አስጎብኚው «አይታወቅም፣ እናቴ» አለ። «አንዳንዱ የሰይፉ ቁጥር ሟቹ የገደለው ሰው ቁጥር ነው ይላል። ግምት ነው።»

«የተማሩትስ? ፕሮፌሰሮቹ?»

«እነሱም አያነቡትም።»

እትዬ ድንጋዩን ዞረው አዩት። ቆም ብለው እንደገና አዩት። ከዚያ ሳቁና «እንግዲያማ እዚህ ሁላችንም እኩል ነና!» አሉ። አባባም ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ግን ሳቃችን ቶሎ ቆመ። እትዬ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ የታክሲው ታፔላ፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ወረቀት ለእሳቸው ልክ እንደዚህ ድንጋይ ነበር። ልዩነቱ፣ የድንጋዩን ጽሑፍ የማያነብ ሰው አያፍርም። የብልቃጡን የማያነብ ግን ያፍራል፤ «መነጽሬን ረስቼ ነው» ይላል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ጢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። አንዱ ማንም ለማያነበው ጽሑፍ፣ አንዱ ማንበብን ላስተማረ ሕዝብ። መግጠሙ ገርሞን ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለንም።

ስንመለስ ሾፌሩ የአስናቀች ወርቁን ዘፈን ከፈተ። ወጣቶቹ «ይሄ የድሮ ነው» ብለው ሊያስቀይሩት ነበር። ትልልቆቹ አልፈቀዱም። አስናቀች ክራር እየመታች ትዘፍን ነበር። የቴአትር ተዋናይም ነበረች፤ ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት በማይደፍሩበት ዘመን ቀድመው ከወጡት አንዷ ናት። ያረፈችው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረም ወር ነው። ዘፈኖቿ «ኢትዮፒክ» በሚባለው የሙዚቃ ስብስብ በ16ኛው ቅጽ ላይ ታትመዋል።

ክራር ስድስት ወይም አምስት ጅማት አለው። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ይቃኘዋል። ዋናዎቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። በእያንዳንዱ ቅኝት ውስጥ አምስት ድምፅ አለ። ፊደላችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ አለው። አባባ ይህን ሲሰሙ «ክራር ከፊደል ይቀላል ማለት ነው» አሉ። እኛ ግን ሞክረነዋል፤ አይቀልም።

ዘፈኑ አፋችን ላይ ቀርቶ ነበርና በሳምንቱ ስለ አስናቀች የተሠራውን ፊልም አየን። ስሙ «አስኒ» ይባላል። ራሔል ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ነው። ዘጋቢ ማለት ልብ ወለድ ያልሆነ፣ እውነተኛውን ሰው የሚያሳይ ማለት ነው። በአንድ ጎረቤት ቤት፣ በትንሽ ስክሪን፣ 11 ሰው ተጨናንቀን ነው ያየነው። ድሮ በገና የጸሎት፣ ክራር የዘፈን ነው ይባል ነበር። ሴት ክራር ይዛ ሰው ፊት ስትቀመጥ ስም ይወጣላታል። አስናቀች ይህን ሁሉ እየሰማች መታች። ስለ ፊልሙ ከዚህ በላይ አንልም። አግኝታችሁ እዩት።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። ለዚህ ነው ወረቀት የቆጠብነው።

እትዬ ልጅ ሆነው በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ይተርክ ነበር። ትረካው ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ ዝም ይላል። ሬዲዮው ያለው ሳሎን ነው። እትዬ ያሉት ማድ ቤት ነው። በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሽንኩርት እየከተፉ ይሰማሉ። ወጥ ሲገነፍል አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። ወፍጮ ቤት ሲላኩ አንድ ሳምንት ሙሉ ያመልጣቸዋል። ከዚያ ቤት የወጡት ትረካው ሳያልቅ ነበር። መጨረሻውን ሳይሰሙት ቀሩ።

ይኸው 40 ዓመት አለፈ። ልጆቻቸው «እኛ እንንገርሽ» ብለዋቸው ያውቃሉ። እትዬ እምቢ አሉ። «ስሙ ራሱ የሚነግረኝን ነግሮኛል» ይላሉ። «እንዴት እንደሆነ ግን እኔው ላንብበው።»

መጽሐፉን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወለዱ። አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያን ማርኳቸው በጣሊያን አገር ታስረዋል። ኋላም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ለአዲስ አንባቢ ተራራ ነው፣ አንዋሽም። አንዳንድ ቦታም ንግግሩ ይረዝማል፤ በተለይ ጉዱ ካሳ የባላባቶቹን ሥርዓት መተቸት ከጀመረ ቶሎ አያበቃም። እኛ ግን ጉዱ ካሳ ሲያወራ ባያልቅ ደስ ይለናል።

ሐዲስ ለአንባቢ የሚያስብ ደራሲ ነበሩ። በፊደላችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ተለይቶ አይታወቅም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ነው? ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው ነው? «አለ» ስንልስ ተናገረ ማለት ነው? ወይስ ይገኛል ማለት ነው? የለመደ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል። አዲሱ አንባቢ ግን ይደናቀፋል። ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አደረጉበት። ሌሎች ደራሲዎች ብዙም አልተከተሏቸውም። እኛ ቢከተሏቸው ኖሮ እንላለን፤ የማታ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ይስማማናል።

በታሪኩ ውስጥ በዛብህ የሚባል ድሃ ወጣት አለ። ቤተ ክርስቲያን የተማረ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። ፍቅሩ የሚጀምረው እዚያ፣ ትምህርቱ ላይ ነው። እትዬ ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሬዲዮ ሲሰሙ ሰብለ ተማሪ መሆኗን ልብ አላሉትም ነበር። «ያን ጊዜ የጌታ ልጅ መሆኗን ብቻ ነበር የማየው» አሉን። «ለካ እሷም እንደኔ ደብተር ይዛ የተቀመጠች ናት።» ትንሽ ቆዩና «የኛ አስተማሪ ግን በዛብህን አይመስሉም» ብለው አሳቁን። አስተማሪው ይህን ዓምድ ያነባሉ፤ እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን።

እትዬ ሲያነቡ የወጋየሁ ድምፅ ይመጣባቸዋል። ግን ልዩነት እንዳለው ነገሩን። «ሬዲዮው አይጠብቀኝም ነበር፤ ወጥ ሲገነፍል ጥሎኝ ይሄዳል። መጽሐፉ ግን ሊጥ አቡክቼ እስክመለስ ያው እዚያው ነው።»

በመካከሉ ግን ትተውት ነበር። ለሦስት ሳምንት መጽሐፉን አልነኩትም። ስንጠይቃቸው «ፊደሉ ይሸሸኛል፤ ጭንቅላቴ አርጅቷል መሰለኝ» አሉ። የልጃቸውን ሚስት ይዘው ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። ጭንቅላታቸው ደህና ነው። ያረጀው ዓይናቸው ነው። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የቅርብ ነገር ማየት ይቸግረዋል። ሩቁን እያየ፣ መርፌ ቀዳዳና ደቂቅ ፊደል ይደበዝዝበታል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል፤ የማንበቢያ መነጽር ያስተካክለዋል። የሰሌዳውን ፊደል እያነበባችሁ የመጽሐፉ የሚደበዝዝባችሁ ካላችሁ፣ ትምህርት እምቢ አለኝ ብላችሁ ክፍሉን ሳትተዉ በፊት ዓይናችሁን ታዩ።

አሁን እትዬ መነጽር አላቸው። ማታ ማታ ደረጃው ላይ፣ መብራቱ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ፤ እቤት የልጅ ልጆች ይረብሿቸዋላ። በኛ ዘንድ ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የአባባ ነው። አባባም በየሁለት ቀኑ እየመጡ «የት ደረሱ?» ይላሉ። እትዬ ሲሦውን ጨርሰዋል። ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሡበት ቦታ ገና አልደረሱም።

መጽሐፉን ያነበባችሁ የገላን ሰዎች፣ አደራችሁን። እትዬን ደረጃው ላይ ስታገኟቸው ሰላም በሏቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ቢፈልጉ ከባድ ቃል አስረዷቸው። መጨረሻውን ግን እንዳትነግሯቸው።